የተተኮሰ ቀለህ ለምን ይታጠባል፣ እንዴትስ ይታጠባል

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፣ አረር፣ ባሩድ፣ ፕራይመር (ቂጡ ላይ ያለችው ተመትታ እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ) እና ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ የሚያስቀምጠው የነሐስ ቀለህ። ሲተኮስ ሶስቱ ያልቃሉ፣ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ፕራይመሩ ይፈነዳል፣ ቀለሁ ግን ተፈናጥሮ መሬት ላይ ይወድቃል እና ጤነኛ ከሆነ ደጋግሞ ማገልገል ይችላል። ለዛ ነው ኢላማ ተኳሾችና አዳኞች ቀለሁን ለቅመው፣ አጥበው፣ ቅርፁን መልሰው እንደገና ሚሞሉት፣ ሪሎዲንግ ሚባለው ይሄ ነው። በብዙ አገር ስራው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቦታ ቦታ ደሞ ባዶ ቀለህና ፕራይመር መያዝ ራሱ ቁጥጥር አለበት፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያላችሁበት አገር ህግ ምን እንደሚል እወቁ።

እዚህ ማወራው ግን ስለ መሙላቱ ሳይሆን ስለ ማጠቡ ብቻ ነው። ማጠብ ቀላል ስለሚመስል ማንም በደንብ አያስረዳውም፣ አዲስ የጀመረ ሰው ደሞ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ «እንዴት አድርጌ እንደ ወርቅ ላብለጭልጨው?»። ጥያቄው ራሱ ነው ችግሩ። የሚያብለጨልጭ ቀለህና ንፁህ ቀለህ አንድ አይደሉም፣ ቡኒ ሆኖ የደበዘዘ ነገር ግን ንፁህ የሆነ ቀለህ ምንም ችግር ሳይኖረው ይተኮሳል፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ሆኖ ውስጡ የተሰነጠቀ ቀለህ ደሞ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ቀለህ ሚታጠበው በሁለት ምክንያት ነው፣ አንደኛው አሸዋና ቆሻሻው ቅርፅ ማስተካከያውን ዳይ እንዳይጭረው፣ ሁለተኛውና ትልቁ ደሞ ስንጥቁን፣ ጉድጓዱን፣ መሳሳቱን በአይናችን እንድናይ ነው። ቆሻሻ ላይ ስንጥቅ አይታይም፣ በቃ።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨቃጨቅ እንዲገባችሁ ቀለሁ ሲተኮስ ምን እንደሚሆን እንይ። የቀለህ ነሐስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብ 30 በመቶ ዚንክ ነው፣ ይሄ ድብልቅ የተመረጠው ሳይሰበር ስለሚለጠጥ ነው። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ተነፍቶ የጠመንጃውን የጥይት ጎሬ ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጋዙ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ ሚዘጋው እሱ ነው፣ ከዛ ግፊቱ ሲወርድ ትንሽ ተመልሶ ይሰበሰብና በቀላሉ ይወጣል። ግፊቱ ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ እንደ 7.62 በ51 ያለ የጠመንጃ ጥይት ላይ እስከ 4000 ባር አካባቢ ይደርሳል፣ የመኪና ጎማ 2 ወይ 2 ተኩል ባር እንደሆነ አስቡትና አነፃፅሩት። በእናንተና በዛ ግፊት መሀል ያለው ይቺ ስስ ነሐስ ናት። እሷን ነው ምናጥበው፣ ስለዚህ ስናጥብ ነሐሱን ሚያደክም ነገር እንዳናደርግ መጠንቀቅ አለብን ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆሻሻው። ቀለሁ ውጪው ላይ ያለው አፈር፣ ላብ፣ ዘይትና አንገቱ ላይ ያለ ጥላሸት ነው፣ ውስጡ ደሞ ባሩዱ ነዶ የተወው ካርቦን ነው። እነዚህ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ጥሩ ነበር። አብዛኛው ፕራይመር ግን ውስጡ ሊድ ስቲፍኔት የሚባል የእርሳስ ውህድ አለው፣ ከሱ ጋር ባሪየም ናይትሬትና የአንቲሞኒ ውህድ ይኖራል። ፕራይመሩ ሲፈነዳ እርሳሱ በጣም ደቃቅ ሆኖ ቀለሁ ውስጥና ፕራይመሩ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ግራጫ አመድ የሚመስለው እሱ ነው። እርሳስ ደሞ በትንፋሽም በአፍም ሲገባ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ አጥንት ውስጥ ለአመታት ይቀመጣል፣ የልጆችን አእምሮ እድገት ይጎዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት እንደሌለው የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ነው ሚለው። እኔ ይሄን ጉዳይ ከሁሉም በላይ አጥብቄ ምናገረው ብዙ ሰው ቀለህ ሲያጥብ ያየሁት ኩሽና ውስጥ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ኩሽና ውስጥ አይሆንም፣ እቃ ሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ አይሆንም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የእቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይሆንም፣ ምግብ ሚበስልበት ኦቭን ውስጥም አታድርቁት። ባልዲው፣ ወንፊቱ፣ ማንኪያው ሁሉ ለዚህ ስራ ብቻ የተለየ ይሁን፣ ላዩ ላይ ፃፉበትና ሌላ ሰው በስህተት እንዳያነሳው አስቀምጡት። ጓንት አድርጉ። እየሰራችሁ አትብሉ፣ አታጭሱ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ደሞ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ላይ አትጠቡት። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ብናኝ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ወይ በአየር መንፋት ማለት እርሳሱን ወደ ሳንባችሁ መላክ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት። ትንሽ ልጅ ወይ ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ከሆነ እኔ ብሆን ስራውን ሙሉ በሙሉ ከቤት ውጪ አደርገዋለሁ፣ ማጋነን እንዳይመስላችሁ።

ውሃው ላይም አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውን ማጠቢያ ውሃ ነጭ ባልዲ ውስጥ ብትደፉት እንደ ቀለም የጠቆረ ግራጫ ነው፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ከታች ደለል ይዞ ይቀመጣል። ያ ደለል እርሳስና መዳብ ዚንክም አለው። ጓሮ አትክልት ላይ አይደፋም። ደለሉን አስቀምጣችሁ፣ አካባቢያችሁ ያለ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበል ቦታ መስጠት ነው ትክክሉ።

ከማጠብ በፊት መለየት ይቀድማል። የተኩስ ሜዳ ላይ የተለቀመ ቀለህ ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት ተቀላቅሎ ይገኛል፣ ይሄ ሁሌ ሚያጋጥም ነገር ነው፣ ስለዚህ አንድ በአንድ እያነሳችሁ አፉ ባዶ መሆኑን እዩ፣ ከዛ ቂጡን አዙራችሁ ፕራይመሩ ላይ የጠመንጃው መርፌ የመታበት ጉድጓድ መኖሩን እዩ። ያልተመታ ፕራይመር ያለው ባዶ ቀለህ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት እንጂ ከሌላው ጋር አትደባልቁት፣ ያ ፕራይመር ገና አልፈነዳም። ቀጥሎ ማግኔት አስጠጉ፣ ነሐስ ማግኔት አይስበውም፣ ከተሳበ በነሐስ የተቀባ ብረት ነው፣ ከዚህ ስራ ይውጣ። ቀለል ያለና ነጣ ያለው አሉሚኒየም ነው፣ እሱም ይውጣ። ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው በኒኬል የተለበጠ ነሐስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይታጠባል ግን አሲድና ረጅም ሰአት አይወድም፣ ልባጩ ከተላጠ ፍርፋሪው ስለታም ነው ዳዩን ይጭራል።

በአይን ሚታይ ስንጥቅ ያለው፣ አፉ የተቀደደ፣ በመኪና የተረገጠ የሚመስል ምናምን አሁኑኑ ይጣል፣ ለማጠብ አትድከሙበት።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ደሞ ፕራይመሩ የቱ አይነት እንደሆነ ነው፣ ምክንያቱም ፕራይመሩን አውጥታችሁ ካጠባችሁ ጉድጓዱም አብሮ ይጠራል። ቀለሁ ውስጥ በባትሪ ብታበሩ መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ (የፕራይመሩ እሳት ወደ ባሩዱ ሚያልፍበት የእሳት ቀዳዳ) ካያችሁ ቦክሰር ነው፣ በዚህ ቀዳዳ ዘንግ አስገብቶ የተተኮሰውን ፕራይመር ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ከመሀል ራቅ ብለው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካያችሁ ግን በርዳን ነው፣ መሀሉ ድፍን ስለሆነ ዘንጉን ስትጭኑት ዘንጉ ይሰበራል። ስማቸው የሁለት ሰዎች ስም ነው፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ መኮንን ነበር በርዳን ደሞ አሜሪካዊ፣ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የእንግሊዛዊው አይነት መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። አብዛኛው መልሶ ሚሞላ ሰው ሚጠቀመው ቦክሰር ነው፣ በርዳኑን ለይታችሁ አስቀምጡት።

እንግዲህ ማጠቡ። ምንም ማሽን የሌለው ሰው በባልዲ ማጠብ ይችላል፣ እንደውም እንደዚህ ብትጀምሩ ነው ደስ ሚለኝ ምክንያቱም ነገሩን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀለሁን ጨምራችሁ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነቅነቅ ነቅነቅ፣ ከዛ ውሃውን ለውጡ። ይሄ አፈሩንና ዘይቱን ይወስደዋል። ቀጥሎ ሲትሪክ አሲድ ነው፣ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው፣ በዱቄት ይሸጣል። ለ1 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋችሁ እያገላበጣችሁ ቆዩ፣ ቡኒው ሲለቅና ቢጫው ሲወጣ በአይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዛ በብዙ ንፁህ ውሃ ማለቅለቅ፣ አንዴ አይበቃም፣ ሶስቴ አራቴ፣ ፕራይመሩ ጉድጓድ ውስጥ አሲድ እንዳይቀር።

«ከቆየ ይበልጥ ይጠራል» ብላችሁ ግን አትተዉት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ ሌላ ስራ ያዘኝና አደረ። ጠዋት ስከፍተው ቀለሁ ሮዝ ሆኗል፣ እንደ አዲስ የመዳብ ሽቦ። መጀመሪያ አማረኝ። በኋላ ነው የገባኝ፣ አሲዱ ዚንኩን ከላይ እየበላ አውጥቶት መዳቡ ብቻ ነው የቀረው፣ ነሐስ ዚንኩን ሲያጣ ላዩ ስፖንጅ እየሆነ ይዳከማል። ስስ ሮዝ ፊልም ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ የላይ ነገር ነው በትንሽ ማሸት ይለቃል፣ ያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ነበር፣ ምን ያህል እንደገባ ማወቂያ መንገድ ስላልነበረኝ ሁሉንም ጣልኩት። ወደ ሁለት መቶ ቀለህ ነበር። አሁንም ያሳዝነኛል ግን መጣሌ ትክክል ነበር እላለሁ። ደሞ አሲዱ ያለበት እቃ ውስጥ ሚስማር፣ ብረት ወንፊት፣ የዛገ ነገር አታስገቡ፣ አሲዱ ውስጥ የሟሟው መዳብ ብረቱ ባለበት ተመልሶ ነሐሱ ላይ ይለጠፍና ያው ሮዝ ያደርገዋል። ፕላስቲክ እቃ ይሻላል።

ፈፅሞ የማይነካ ነገር አለ፣ አሞኒያ። ብዙ የነሐስ ማፅጃ ፈሳሽና አንዳንድ የመስታወት ማፅጃ አሞኒያ አለው፣ ቤት ያለ የነሐስ ጌጥ ስለሚያሳምር ሰው ለቀለህም ይጠቀመዋል። የዚህ ጉዳት ታሪክ አለው። ህንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ጥይቱን የፈረስ በረት ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ ዝናቡ አልፎ ሲወጣ ማንም ሳይነካው ቀለሁ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ወቅት ጠብቆ ስለሚመጣም የወቅት መሰንጠቅ ብለው ጠሩት። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፣ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ እርጥበት ጋር ሆኖ፣ ሲሰራ የተሳበና የተጨመቀ ነሐስ ውስጥ የቀረውን ውጥረት እየተከተለ ይሰነጥቀዋል። ልብ በሉ፣ ጥይቱ አልተተኮሰም አልወደቀም፣ ቁጭ ባለበት ነው የተሰነጠቀው። የተተኮሰና ዳይ ውስጥ የገባ ቀለህ ደሞ ውጥረት የሞላው ነሐስ ነው። ስለዚህ የማፅጃውን ጀርባ አንብቡ፣ አሞኒያ ካለ ተዉት፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነም ተዉት። በረኪናም እንደዛው ነሐስ ይበላል፣ አይሆንም።

ብርጭቆ ወረቀትና የብረት ሽቦ መፈግፈጊያም ተዉ፣ ያ ማፅዳት ሳይሆን ነሐሱን መላጥ ነው፣ አንገቱ ከመሳሳቱም በላይ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያያል።

ብዙ ቀለህ ያለው ሰው ወደ ማሽን ይሄዳል። የቆየው መንገድ ደረቁ ታምብለር ነው፣ ሳህኑ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት አለ፣ ቀለሁ እዛ ውስጥ እየተገለባበጠ ይታሻል። ዋልነቱ ጠንከር ያለ ስለሆነ ቆሻሻ ቶሎ ያነሳል፣ ቆረቆንዳው ደሞ ለስለስ አድርጎ ያሳምራል። ሁለት ሶስት ሰአት ይፈጃል፣ ትንሽ አሞኒያ የሌለው የመኪና ዋክስ ብትጨምሩበት ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ለወራት እንዳይደበዝዝ ይረዳል። ደስ ሚለው ነገር ማድረቅ የሚባል ጣጣ የለም። መጥፎው ነገር አቧራው ነው፣ ከላይ ያልኩት እርሳስ ሁሉ እዛ ዱቄት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክዳኑን ስትከፍቱና በወንፊት ስትነፉ ቦግ ብሎ ይነሳል። ክዳን ዝጉ፣ ውጪ ክፈቱ፣ ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ የሶፍት ቁርጥራጭ ጨምሩበትና አቧራውን ይያዝላችሁ፣ ዱቄቱ ሲጠቁር ዕድሜው አልቋልና ከረጢት ውስጥ አስራችሁ አስወግዱት። ሌላው፣ ፕራይመሩን አውጥታችሁ ከሆነ ያሻችሁት አንድ ፍሬ ቆረቆንዳ የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ይወተፋል፣ አንድ በአንድ ማየት የግድ ነው፣ ያ ቀዳዳ ከተደፈነ የፕራይመሩ እሳት ባሩዱ ጋ በትክክል አይደርስም።

እርጥቡ ታምብለር ሚሽከረከር በርሜል ነው፣ ውስጡ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድና ብዙ ሺህ የስቴንለስ ስቲል መርፌ አለ። መርፌዎቹ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመታቸው 6 ወይ 7 ሚሊ ነው፣ ቀለሁ ውስጥ ገብተው፣ ፕራይመር ጉድጓዱ ጥግ ድረስ ደርሰው ይፍቃሉ። ከ1 እስከ 2 ሰአት ይበቃል። አሲዱ እዚህ ጋ በጣም ትንሽ ነው፣ ለ4 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ሰአቱ ረጅም ስለሆነ። ከእርሳስ አንፃር እኔ ይሄን መንገድ እመርጣለሁ ምክንያቱም አቧራ የለም፣ ሁሉም ውሃው ውስጥ ነው ያለው፣ ውሃውን በስርአት ከያዛችሁት በቃ። ከሁለት ሰአት አልፎ ለግማሽ ቀን ሚተወው ሰው አለ፣ ቀለሁ እርስ በርሱ ሲጋጭ አፉ እየተቀጠቀጠ ጠርዙ ይታጠፋል፣ እሱም በርሜሉ ባዶ ባዶ ሲሆን ይብሳል፣ ሞላ አድርጋችሁ ሰአቱን አሳጥሩ።

የመርፌዎቹን ነገር ግን ቀለል አታድርጉት። ቀጭን አንገት ያለው የጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ሁለት መርፌ ጎን ለጎን ሆነው የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ይቸነከራሉ፣ ብትነቀንቁት አይወድቁም ድምፅም የላቸውም። ያ መርፌ ሳይታይ ባሩድ ከተጨመረበት ሲተኮስ ከአረሩ ኋላ የጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። እኔ ማደርገው፣ ሲደርቅ እያንዳንዱን ቀለህ አፉን ወደ አይኔ አድርጌ ቂጡን ወደ መብራት አዞራለሁ፣ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ብርሀን ካሳለፈ አልፏል፣ ክቡ በጨረቃ ቅርፅ ከተቆረጠ መርፌ አለበት። ለሁለት መቶ ቀለህ ሩብ ሰአት ቢፈጅ ነው። ማግኔትም ይረዳል፣ ብዙዎቹ መርፌዎች ስቴንለስ ቢሆኑም ፋብሪካ ውስጥ እንደ ሽቦ ተስበው ሲሰሩ ትንሽ የማግኔት ባህሪ ስለሚይዙ ይነሳሉ፣ ግን ማግኔቱ አይናችሁን አይተካም።

አልትራሳውንድ ማጠቢያም አለ፣ ብዙዎቹ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ አካባቢ ውሃውን እያንቀጠቀጡ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራሉ፣ አረፋው ሲፈርስ ቆሻሻውን ይነቅለዋል። ውስጡንና ጉድጓዱን ጥሩ አድርጎ ያፀዳል፣ ላዩን ግን አያብለጨልጭም፣ ሰው «አልሰራም» ብሎ ሚመልሰው ለዛ ነው። ሰርቷል እኮ።

ማድረቅ ላይ ሰው ይቸኩላል። ውጪው በአስር ደቂቃ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን በተለይ ፕራይመሩን ሳታወጡ ያጠባችሁት ከሆነ ከፕራይመሩ ጀርባ ውሃ ይዞ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በፎጣ አንከባላችሁ ውሃውን አስመጥጡ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ፀሀይ ላይ ወይ ፋን ፊት አስቀምጡት፣ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ማሞቂያ ከተጠቀማችሁ ከ100 ዲግሪ በታች ይሁን። በእሳት ወይ በጋዝ ምድጃ ላይ ማድረቅ ፈፅሞ አይሆንም፣ ነሐስ 250 ዲግሪ አካባቢ ቆየት ካለ መለስለስ ይጀምራል፣ አንገቱ ቢለሰልስ አንድ ነገር ነው፣ ቂጡ ከለሰለሰ ግን ያንን 4000 ባር ሚይዘው ወፍራሙ ክፍል ነው የላላው፣ በአይን ደሞ አይለይም።

አንገቱ ላይ ሰማያዊና ቡኒ እንደ ቀስተ ደመና የተዘረጋ ቀለም ያያችሁ እንደሆነ ቆሻሻ አይደለም፣ አትፈትጉት። ፋብሪካው አንገቱን ሆን ብሎ በሙቀት አለስልሶት የቀረ ምልክት ነው፣ የጦር ሰራዊት ጥይት ላይ እንዳለ ይተዉታል። አንገቱ ውስጥ ያለች ስስ ጥቁር ካርቦን ላይም ብዙ አትድከሙ፣ በትክክለኛነት ሚወዳደሩ ተኳሾች እንደውም ይተዉዋታል ምክንያቱም አረሩ ሲገባ እንደ ቅባት ታገለግላለች፣ አንገቱ በጣም ሲጠራ ነሐስና አረሩ እየተያያዙ አንዱ በቀላሉ አንዱ በግድ ይገባል።

አሁን ለዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት የሆነው ጋ ደረስን፣ ማየት። ጥሩ መብራት ስር አንድ በአንድ። አንገቱ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ካለች ስንጥቅ ናት። አረንጓዴ ዝገት ከነበረበት ታጥቦ ለቆ ስሩ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ ነሐሱ ተበልቷል፣ ቡኒ ጥላ ብቻ ከቀረ ግን ምንም አይደለም። ከዛ ከቂጡ ከፍ ብሎ ወፍራሙ ግድግዳ መሳሳት ሚጀምርበት ቦታ ላይ ዙሪያውን የዞረች ብሩህ ቀለበት ፈልጉ። ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር እዛ ጋ ይለጠጣል፣ ውስጡ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል፣ ቂጡ ለብቻው ሲወጣ ግማሹ ጠመንጃው ውስጥ ይቀራል ጋዙም ወደ ኋላ ይመጣል። ቀለበቷ አንዳንዴ የዳዩ ምልክት ብቻ ልትሆን ትችላለች፣ ስለዚህ በሽቦ አረጋግጡ፣ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ ወይ የወረቀት ማያያዣ ዘርግታችሁ ጫፉን ሁለት ሚሊ ያህል እጠፉትና ሹል አድርጉት፣ ቀለሁ ውስጥ እስከ ታች አስገብታችሁ ግድግዳውን እየነካካችሁ ወደ ላይ ጎትቱት። ጤነኛ ከሆነ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። ከሳሳ ግን ጫፉ ቦይ ውስጥ እንደገባ ጎማ ጠቅ ብሎ ይይዛል፣ በጣታችሁ ይሰማችኋል። አንዴ ከተሰማችሁ በኋላ አትረሱትም። ያንን ቀለህ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት፣ ሳይጨፈለቅ ከተጣለ አንድ ቀን ተመልሶ ከጤነኛው ጋር ይቀላቀላል።

የቀረው ትንሽ ነው። ቅርፅ ለማስተካከል ቅባት ስለሚቀባ ከዛ በኋላ ያ ቅባት መነሳት አለበት፣ አጭር የሳሙና ውሃ ወይ ግማሽ ሰአት ደረቅ ታምብለር ይበቃዋል፣ ቅባት የቀረበት ቀለህ የጎሬውን ግድግዳ በደንብ ስለማይይዝ የመዝጊያው ብረት ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። የደረቀውን በባዶ እጅ ብዙ አትነካኩት፣ የላብ ጨው በጣት አሻራ ቅርፅ ያጠቁረዋል። ክዳን ባለው እቃ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ እቃው ላይ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ፃፉበት፣ ቀለህን የሚጨርሰው መታጠቡ ሳይሆን መተኮሱና ዳይ ውስጥ መመላለሱ ነው፣ ከአንድ እቃ ውስጥ ሽቦው አንዱን ቀለህ ከያዘ ደሞ አብረውት እኩል ጊዜ የተተኮሱትን ሁሉ እንደገና አንድ በአንድ በሽቦ እዩ።